በመጽሐፉ ሠላሳ ቀን ነው

ተማሪዎቹ «እትዬ መልስ» ይሏት ነበር። ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ አንዴ ተለጠፈባት፣ ቀረ። መጀመሪያ ስትሰማው ከፍቷት ነበር። በኋላ ግን መንገድ ላይ ከኋላዋ «እትዬ መልስ!» ሲባል ፊቷ ሳታዘው ፈገግ ይል ጀመር።

የሥራ ቦታዋ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነው። ድሮ አንባቢዎች ካፖርትና ቦርሳ የሚያስቀምጡባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ከፊቷ ወደ ጎን የምትንሸራተት የእንጨት መስኮት አለች፤ ስትከፈት ግማሽ መንገድ ላይ ትነክስና በጡጫ ካልመቷት አትሄድም። ከመስኮቷ ሥር አናቱ በቢላ የተሰነጠቀ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ልጆቹ የቤት ሥራ ጥያቄያቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው እዚያ ይከታሉ። ጥያቄው ስለ መንግሥት አሠራርና ስለ ኅብረተሰብ ትምህርት ብቻ ነው፤ ሒሳብ ያመጣ ልጅ ወደ ላይኛው ፎቅ ይባረራል። በማግስቱ መልሱ በጎን ካለው የእንጨት ሣጥን፣ በየቁጥሩ ቀዳዳ ተሰክቶ ይጠብቃቸዋል።

ስም አይጻፍም። ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት። መስኮቱ በተከፈተ በመጀመሪያው ወር አንድ ጎረምሳ «ምክር ቤት ማለት ሕንፃው ነው ወይስ ሰዎቹ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ከነስሙ ጓደኞቹ አንብበውት «ሕንፃው» የሚል ቅጽል አወጡለት። ልጁ ዳግም ድርሽ አላለም። ከዚያ በኋላ ከዕቃ ማስቀመጫው ዘመን የተረፉትን ባለ ሁለት ቅጠል ቁጥሮች ከመሳቢያ አወጣችና፣ ግማሹን ለልጁ ግማሹን ለወረቀቱ አደረገች። አፋር ሁሉ ደፋር ሆነ። ቆርቆሮው ይሞላ ጀመር።

ከመስኮቱ ፊት ቆመው በቃል የሚከራከሯትም አይጠፉም ነበር።

«እትዬ መልስ፣ ሕግ አውጪውም፣ ሕግ ተርጓሚውም፣ አስፈጻሚውም አንድ ክፍል ቢቀመጡ ምናለበት? መመላለስ ይቀር የለም?»

«አንተ ፈተናውን ራስህ አውጥተህ፣ ራስህ ተፈትነህ፣ ራስህ ብታርመውስ?»

«ደስ ይለኛላ!»

«አየህ፣ ለዚህ ነው የለያዩዋቸው።»

ሳቁ ደረጃው ሥር ያስተጋባና ከላይ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወለሉን በጫማው ይመታል። እሷም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጠቅሳለች።

ወደዚህ ሥራ ከመምጣቷ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጣለች፤ አቤቱታ ተቀባይ ነበረች። የኅብረተሰብ ሳይንስ ዲፕሎማዋን በማታ ትምህርት ያገኘችው እዚያ እየሠራች ነው። ከእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከልቧ አልወጣ ያላት አንድ ሰው ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የመጣ ሽማግሌ፣ ወረቀቱን በአንድ ቀን አሳልፎ። «ትናንት የወንድሜ ቀብር ነበረብኝ» አላት። እሷም «ቀኑ ያለፈበት» የሚለውን ማኅተም አነሣችና ድም አደረገችበት፤ ሥራዋ ነው። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሏት ወጣ። ቢሰድባት ኖሮ ትረሳው ነበር። ያ ምስጋና ነው እንደ እሾህ ውስጧ የቀረው።

እንግዲህ ስለ መስኮቱ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። በመስኮቱ የሚጻፍ መልስ እንደ መማሪያ መጽሐፉ ነው። ከሥሩም ገጹ ይጻፋል። በመጀመሪያው ዓመት ለአንዲት ተማሪ የምክር ቤቱን መቀመጫ ብዛት እንደ አዲሱ አዋጅ ጽፋላት ነበር። መጽሐፉ ገና የድሮውን ስለሚል ልጅቱ ኤክስ ተደረገባት። በማግስቱ እናትየው መጥታ ደረጃው ሥር ቆመች። «ሴትዮ! ልጄ እውነቱን ምን ታደርገዋለች? ማርክ ነው የምትፈልገው!» ብላ ሕንፃውን አናጋችው። ኃላፊውም ከላይ ወርዶ «ከዛሬ ጀምሮ እንደ መጽሐፉ» አለ። በዚያው ሰሞን ግድግዳው ላይ ሌላ ወረቀት ለጠፈ፤ ትልልቅ ሰዎች የጎረቤትና የውርስ ጭቅጭቃቸውን ይዘው መምጣት ጀምረው ስለነበር፦ «የቤት ሥራ ጥያቄ ብቻ ይመለሳል። የግል ጉዳይ ክልክል ነው።»

እትዬ መልስ ነገሩን በራሷ መንገድ አለዘበችው። ወረቀቱ ላይ የመጽሐፉን ትጽፋለች፤ መስኮቱ ጋ የመጣውን ልጅ ደግሞ «በመጽሐፉ ይሄ ነው፣ በኑሮ ግን ተለውጧል። ለፈተናው የመጽሐፉን በል» ትለዋለች። መልሱን ከሣጥኑ መዝዞ ዝም ብሎ የሚሄደውስ? ለእሱ ማንም አይነግረውም። ይህን አስባው አታውቅም ነበር።

የወሩ አሥራ ስምንተኛ ቀን ማክሰኞ ዋለ። ስምንት ሰዓት ላይ ቆርቆሮውን ገልብጣ ወረቀቶቹን እየደረደረች ነበር። ሁለት ስለ ምርጫ፣ አንድ ስለ ሕዝብ ቆጠራ፣ አንዱ ደግሞ «ዜግነት ይሰለቻል ወይ?» የሚል ቀልደኛ። ከዚያ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት መጣ።

«አንዲት መጻፍ የማትችል አሮጊት አቤቱታ ላይ በጣቷ ብታትም ይቆጠርላታል? ወይስ እሷው ራሷ ያን እግሯን እየጎተተች ቢሮ መሄድ አለባት? የቤት ሥራ ነው።»

መጀመሪያ ሳቀች። «ያን እግሯን» የሚል የቤት ሥራ አይታ አታውቅም። ቀጥሎ ደግማ አነበበችው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያወጣ አስተማሪ የለም። የአሮጊቷን እግር የሚያውቀው አብሯት የሚኖር ነው።

ጽሕፈቱንም አውቃዋለች። መስመሩ ወደ ጫፉ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል፤ አራት ነጥቡ ደግሞ እንደ ባቄላ ወፈር ወፈር ያለ፣ አራቱም ተለያይተው በጥንቃቄ የተቀመጡ ናቸው። የት ነው ያየችው?

የምትመልሰውን ሁሉ በካርቦን እየገለበጠች፣ ከጥያቄው ጋር በሲባጎ ሰክታ ታስቀምጥ ነበር። ሲባጎውን ከምስማሩ አወረደችና ወደ ኋላ ትገልጥ ጀመር። ሁለት መቶ... መቶ ዘጠና... መቶ ሰማንያ ስምንት ላይ እጇ ቆመ።

«አንድ ቤተሰብ ቤቱ ለመንገድ ሥራ እንዲፈርስ ማስታወቂያ በወሩ በሦስተኛው ቀን ቢደርሰውና ቅር ቢለው፣ ለአስተዳደሩ አቤት ለማለት ስንት ቀን አለው? የቤት ሥራ ነው።»

ከሥሩ የራሷ ጽሕፈት፦ «ሠላሳ ቀን። የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ፣ ገጽ 87።»

በመጽሐፉ ሠላሳ ነው። በኑሮ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ አሥራ አምስት ሆኗል። ታውቅ ነበር። መልሱን በጻፈችበት ቀንም ታውቅ ነበር። ደብዳቤው የደረሰበት ቀን አይቆጠርም፤ በጣቷ ቆጠረች። ከአራት ተነሥታ አሥራ አምስተኛው ቀን ያረፈው አሥራ ስምንት ላይ ነው። ዳግም ቆጠረች። ያው ነው። ቀና ብላ የቀን መቁጠሪያውን አየች። የአስተዳደሩ ቢሮ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች፤ ጉልበቷ ይህን ካደረገ ስንት ዓመቱ። ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የጋዜጣ ቅጾች ይቆጥር ነበር።

«ኃላፊ፣ መስኮቱን ልዘጋ ነው። የምሄድበት አለኝ።»

«አሁን? ልጆቹ ከትምህርት ሊለቀቁ ሲሉ? ምን ሆኑ እትዬ?»

ሁለቱን ወረቀቶች ዘረጋችለት። አነበባቸው።

«ይሄ እኮ የግል ጉዳይ ነው። የግል ጉዳይ አንመልስም ተብሏል።»

«መልሻለሁ።»

«እንደ ቤት ሥራ ነው የመለሱት! በመጽሐፉ ሠላሳ ነው፤ ምን አጠፉ?»

«ቤታቸው ሲፈርስ መጽሐፉን ለብሰው ሊያድሩ ነው?»

መነጽሩን አወረደና በር ዘጋ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያቺን መስኮት ለማስከፈት ራሱ ስንት ደጅ ጠንቷል። «እትዬ፣ ይስሙኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ሄደው ተሳስተናል ካሉ፣ ነገ ትምህርት ቢሮው ሰምቶ ያዘጋናል። ይሄ ሁሉ ልጅ ምን ይሁን? ነገ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት።»

«ነገ አሥራ ዘጠኝ ነው» አለችው፤ ሻርፗን አጣፍታ ወጣች።

ግን የት ትሂድ? ጠያቂው ማን ነው? ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አታውቅም። ለአፋሮች ብላ ያወጣችው ሕግ አሁን አንገቷን አነቃት። ያለው ተስፋ ያ አራት ነጥብ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ መንገዱን ሲሻገሩ ነው። የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪውን የመምህራን ክፍል ውስጥ፣ በሦስት ክምር ደብተር መካከል አገኘችው። ጥያቄውን አንብቦ ሳቀ።

«እኔ ይሄን የመሰለ ጥያቄ ማውጣት ብችል እዚህ ምን አስቀመጠኝ? የኔ አይደለም።»

«እንዳልሆነ አውቄያለሁ፣ መምህር። ደብተሮቹን ልያቸው? ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ።»

«መቶ አርባ ደብተር ነው እኮ!»

«ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አቤቱታ ሳነብ ኖሬያለሁ። ብቻ አይከልክሉኝ።»

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሊል አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ደብተር አንሥታ አንድ ገጽ ገለጥ፣ ጣል። ገለጥ፣ ጣል። የመጀመሪያው ክምር አለቀ። ከሁለተኛው አንድ ቁልቁል የሚወርድ መስመር አገኘች፤ አራት ነጥቡ ግን ሁለት ጭረት ብቻ ነው። አስተማሪው መጀመሪያ እጁን አጣጥፎ ያያት ነበር፤ ኋላ ተነሥቶ ሦስተኛውን ክምር ራሱ ያቀብላት ጀመር። «እንዲህ ነው? እንዲህስ?» ይላል። «አይደለም... አይደለም...» ደወል ተደወለ። የሚገባው ክፍል ነበረው፤ ሳይገባ ቀረ። ክምሩ ወደ ወለሉ ሲቃረብ አንዱን ደብተር ገለጠችና ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ምነው?»

ጣቷን ገጹ ላይ አሳረፈች። አራት ባቄላ፣ ተለያይተው፣ በጥንቃቄ።

«ይቺማ ዝምተኛዋ ናት» አለ አስተማሪው፤ «የኋላ ወንበሯ። ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ አታውቅም።»

ልጅቷን ከክፍል አስጠሯት። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ጫማዋ በነጭ የኖራ አቧራ የተለወሰ። እትዬ መልስን ስታይ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«መቶ ሰማንያ ስምንት አንቺ ነሽ?»

«የቤት ሥራ ነው» አለች ልጅቷ ወዲያው።

«ነይ እስቲ የኔ እናት፣ አልቆጣሽም...»

«የቤት ሥራ ነው! የግል ጉዳይ አይደለም። ከፈለጉ ሁለተኛ አልመጣም።»

እትዬ መልስ ጎንበስ ብላ እጇን ያዘቻት። «ስሚኝ። የጻፍኩልሽ ልክ አይደለም። ሠላሳ ቀን አይደለም፣ አሥራ አምስት ነው። ዛሬ ያልቃል። አቤቱታው ተጽፏል?»

«ተጽፏል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አያቴ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። አጎቴ በሃያ አምስት ከሥራ ቦታው ሲመጣ ይዞት ሊገባ ነው... ሠላሳ ቀን ነው ብለውን እኮ!»

«ቤታችሁ ሩቅ ነው?»

«መንገዱ የሚቆፈርበት ጋ።»

«ሂጂ ቦርሳሽን አምጪ። ሩጪ!»

አስተማሪው ምንም አልጠየቀም። «ሂዱ፣ ሂዱ፣ ለዲሬክተሩ እኔ እነግረዋለሁ» አለ፤ ደብተሮቹ ወለሉ ላይ ተበትነው ቀሩ።

ሰፈሩ ግማሹ ተቆፍሮ መኪና አይገባበትም። ቦዩን በጣውላ እየተሻገሩ ሄዱ። ልጅቷ ከፊት ትሮጣለች፣ ዞር ብላ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። እትዬ መልስ ጎኗን ይዛ «ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ» ትላለች። ቆፋሪው ማሽን ሲያጓራ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ይርድ ነበር። አጥሮቹ ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ተደርጓል፤ ከአንዱ በር ላይ ምልክቱን ሰው ሊፍቀው ሞክሮ አደብዝዞታል። ያ የነሱ በር ነበር።

አያትየዋ አልጋ ጫፍ ላይ፣ የታመመ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ልጅቷ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረቻት። አሮጊቷ አልደነገጠችም። ከደረቷ ውስጥ የታጠፈ ቁራጭ ወረቀት አወጣች።

«ሠላሳ ነው። ይኸው፣ ገጹም ተጽፏል። ልጄ አንብባልኛለች። አሁን ደግሞ ማን መጥቶ ያሳጥርብኛል?»

«እማማ» አለች እትዬ መልስ በሩ ላይ እንደ ቆመች፤ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

«ሳታውቂ ነው?»

ሳላውቅ ነው ማለት ትችል ነበር። ቀላል ነበር። ማንም አይጠይቃትም።

«እያወቅሁ ነው። ለማርክ መስሎኝ ነው የጻፍኩት።»

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«እያወቅሽ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ይችን ወረቀት እንደ ክታብ ይዤ ስተኛ፣ አንቺ እያወቅሽ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? እኔን ተሸክመሽ ልትሄጂ ነው?»

«መሄድ የለብዎትም። ልጅዎ ዛሬ የጠየቀችው እሱን ነው። እዚሁ በጣትዎ ያትማሉ፣ ሁለት ሰው ይመሰክራል። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንፈልግ።»

ልጅቷ ወጥታ ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን ጎትታ መጣች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ መርፌ ከንፈሯ መሃል። ነገሩን ስትሰማ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ «አሳዩኝ የት እንደምፈርም!» አለች። ቀለም አልነበረም። እትዬ መልስ እስክሪብቶዋን ፈትታ ቀጭኗን ቱቦ ሰበረችና የአሮጊቷን አውራ ጣት ቀባች። ጣቱ ሻካራ ስለሆነ ቀለሙ አልያዘም፤ የመጀመሪያው አሻራ እንደ ጭቃ ጠብታ ብቻ ሆነ።

«ደግመሽ ቀቢ» አለች አያትየዋ። «ይህ ጣት ስንት ዓመት ልብስ ሲያጥብ የኖረ ነው፤ መስመሩ ጠፍቷል።»

በሦስተኛው ወጣ። ከሥሩ ምስክሮቹ ፈረሙ። ከአሥር ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል።

«አንቺ አብረሽ ሂጂ» አለች አሮጊቷ ለልጅ ልጇ። «የሚጽፉትን ራስሽ አንብቢው።» ይህን ስትል እትዬ መልስን አላየቻትም።

የአስተዳደሩ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ባዶ ነበር፤ ጽዳቷ ከዳር እየጠረገች ወደ መሃል ትመጣለች። የመዝገብ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ኮቱን ለብሶ፣ ትልቁን መዝገብ ዘርግቶ፣ በአንድ እጁ ማስመሪያ በሌላው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነበር።

እትዬ መልስ ያንን ማስመሪያ ከሰው ሁሉ ይልቅ ታውቀዋለች። ከመጨረሻው ተመዝጋቢ ሥር ቀይ መስመር ከተሰመረ ቀኑ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ንጉሥ ቢመጣ የሚገባው ነገ ነው።

«መስመሩን እንዳታሰምር!»

ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት። ጸሐፊው እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እናቴ፣ ጨርሰናል። ነገ ጠዋት ይምጡ።»

«ሰዓቱን እየው የኔ ልጅ። አሥራ አንድ ሊል ስምንት ደቂቃ አለው።»

«መዝገብ ለመዝጋትም ሰዓት ያስፈልጋል እኮ።»

«እሱን ለኔ ትነግረኛለህ? እንዳንተ ስንት መዝገብ ዘግቻለሁ። አሥራ አንድ ሳይሞላ ያሰመርኩበት ቀን ግን የለም።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይቺ ልጅ ፊት አስምረው እንግዲህ።»

ጸሐፊው ልጅቷን አየ። ልጅቷም አፍጥጣ አየችው፤ ጫማዋ የተወው ነጭ ዱካ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ማስመሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አቤቱታውን አነበበ፣ አሻራውን ወደ ብርሃን አነሣ፣ የምስክሮቹን ስም አየ።

«ይቺ ምስክር እርስዎ ነዎት? ለአመልካቿ ምኗ ነዎት? ዘመድ ከሆኑ አይሆንም።»

«ዘመዷ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምኗ ነዎት?»

እትዬ መልስ መልሱ ጠፋባት። ልጅቷ ናት የመለሰችው፤ በክፍል እጇን አውጥታ የማታውቀው።

«ቀኑን የነገሩን ናቸው።»

ጸሐፊው ትከሻውን ሰበቀ፣ ከመጨረሻው መስመር ሥር ጻፈ፣ ማኅተሙን አነሣ። ድም። ልጅቷ ደረሰኙን ተቀበለችና እዚያው ቆማ፣ አያቷ እንዳዘዘቻት፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ቀኑ ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ አለች፦ «አሥራ ስምንት።»

እትዬ መልስ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለአሮጊቷ ደብዳቤ መጣ፤ አቤቱታው ተሰምቶ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ቤቱ እንዳይነካ የሚል። ልጅቷ ደብዳቤውን መስኮቱ ጋ አምጥታ አሳየቻት። አያቷ ሰላምታ ልካ እንደሆነ እትዬ መልስ አልጠየቀችም፤ ልጅቷም አልነገረቻትም።

ለእትዬ መልስ ግን ነገሩ በዚያ አላለቀም። የዚያን ማክሰኞ ማግስት ጠዋት መስኮቷን ሳትከፍት ሲባጎውን በሙሉ አወረደች። ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ መልሶቿን አንድ በአንድ ከአዲሶቹ አዋጆች ጋር አስተያየች። ከመቶ ሰማንያ ስምንት ሌላ፣ መጽሐፉ አንድ ኑሮ ሌላ የሚልባቸው አሥራ አንድ መልሶች አገኘች። አሥራ አንዱም «የቤት ሥራ ነው» ይላሉ። የትኛው እውነት የቤት ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ማን ያውቃል?

ቁጥሮቹን በትልቁ ጻፈች፦ «የሚከተሉት ቁጥሮች የደረሷችሁ በአስቸኳይ ተመለሱ። መልሱ በመጽሐፉ ልክ ነው፣ በኑሮ ግን ተለውጧል።» ኃላፊው መጥቶ ከኋላዋ ቆመና አነበበው።

«ይሄን ሊለጥፉት ነው?»

«ልለጥፈው ነው።»

«ያዘጉናል እኮ እትዬ።»

«ይዝጉት። ግን ከለጠፍኩ በኋላ ይዝጉት።»

ኃላፊው ወረቀቱን ዳግም አነበበው። ከዚያ መዶሻውን ከእጇ ተቀብሎ ምስማሩን ራሱ መታ፤ ሁለቴ ስቶ ጣቱን ከመታ በኋላ።

ልጆቹ እየተሳሳቁ መጡ። «እትዬ መልስ ኤክስ አገኘች!» ይባባላሉ። አንዱ የቁጥሩን ቅጠል በጥርሱ ይዞ፣ አንዷ የጠፋባትን ቁጥር በቃሏ ይዛ። የብዙዎቹ እውነትም የቤት ሥራ ነበር። ሁለቱ ግን ሰምተው ሳይስቁ ሄዱ። በሳምንቱ ውስጥ ከአሥራ አንዱ አሥሩ መጡ፤ ስማቸውን አልጠየቀችም፣ ቁጥራቸውን ብቻ ሰረዘች።

መቶ ሠላሳ አንድ አልመጣም። ከሁለት ወር በፊት የተጠየቀ ነው፦ «እናትና አባት ሲለያዩ ልጁ ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ስንት ዓመት ሲሞላው ነው? የቤት ሥራ ነው።» እሷ አሥራ አራት ብላ መልሳ ነበር፤ በመጽሐፉ አሥራ አራት ነው። በኑሮ አሥር ሆኗል። ጽሕፈቱ የትንሽ ልጅ ነው፤ ፊደሎቹ ከመስመሩ ወጣ ገባ ይላሉ። አስተማሪው ደብተሮቹን ሁሉ አወጣላት፤ ሁለት ቀን ገለጠች፣ አላገኘችውም። ምናልባት ከዚያ ትምህርት ቤት አይደለም። ምናልባት አሁን በሌላ ከተማ፣ ያልመረጠው ቤት ውስጥ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ከጊዜ ብዛት ቢጫ ሆነ፤ የቀረችውን አንድ ቁጥር በአዲስ ወረቀት ገለበጠቻት። ያ ዓመት አለፈ፣ ሌላውም ዓመት መጣ፤ አዲስ ልጆች «ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?» ይሏታል። ትንሽ ልጅ ደረጃውን ሲወርድ በሰማች ቁጥር እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና መስኮቱን በጡጫዋ መትታ እስከ ዳር ትከፍተዋለች።